ለጅማ ሬዲዮ የጎደለው ሰሚ ሳይሆን ቆጣሪ ነው

ጅማ ላይ የቤት ዕቃ፣ የቆርቆሮ ወይም የሞባይል መደብር ያለውን ነጋዴ ለምን ሬዲዮ ላይ እንደማያስነግር ቢጠይቁት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አሁን ማን ሬዲዮ ይሰማል? ሁሉም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የከተማው ወጣት በእርግጥም ስልኩ ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከዴዶና ከቀርሳ ተነስቶ ሂርማታ ገበያ ከሚገባው ገበሬ ግን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ብዙ ነው፤ ያ ስልክ ዳታ ሳይሞላለት የሚሰጠው ነገር ኤፍኤም ነው። ቆርቆሮ የሚገዛውም እሱ ነው። ስለዚህ «ሬዲዮ ሞቷል» የሚለውን ወሬ አልቀበለውም። ነጋዴውን ከሬዲዮ ያራቀው ለከፈለው ብር ስንት ሰው እንደሰማለት የሚነግረው ማጣቱ ነው።

የአየር ሰዓት እንዴት እንደሚሸጥ ማየት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ጣቢያው ሰዓቱን በጅምላ ለተባባሪ አዘጋጅ ይሸጣል፤ አዘጋጁ ስፖንሰርና ማስታወቂያ አፈላልጎ ወጪውን ይመልሳል። ደንበኛው የሚገዛው የ30 ሰከንድ ስፖት ወይም በፕሮግራሙ መግቢያና መውጫ ላይ የድርጅቱን ስም መጠራት ነው። ወሩ ሲያልቅ ደረሰኝ ይደርሰዋል፤ ዕድለኛ ከሆነም ማስታወቂያው የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት ይጨመርለታል። «ስንት ሰው ሰማው?» ካለ የሚነገረው የጣቢያው ሽፋን ነው፤ ሞገዱ ይህን ያህል ወረዳ ይደርሳል ይባላል። ሞገድ የደረሰበት ሁሉ ግን ሬዲዮ አልተከፈተም። ያው ነጋዴ ማታ የፌስቡክ ፔጁን ሲከፍት ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንቱ ላይክ እንዳደረገ፣ ስንቱ የስልክ ቁጥሩን እንደነካ ተዘርዝሮ ይጠብቀዋል። ቁጥር ይዞ የመጣው ባዶ እጁን የመጣውን ቢረታ አይገርምም።

ጥፋቱን ሁሉ በፌስቡክ ላይ መደፍደፍም ልክ አይሆንም። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ በቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርነት ቆመው የነበሩ የስፖርትና የመዝናኛ ፕሮግራሞች ወገባቸው ተቆረጠ። ጋዜጣውን የወረቀትና የሕትመት ዋጋ ይዞታል። የጋዜጣ እንጀራ የነበረው የጨረታ ማስታወቂያም የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በገባ ቁጥር ይሳሳል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ጅማ የሚደርስ ጋዜጣ ዜናው በቴሌግራም ቀድሞት ይጠብቀዋል። የሞት ማስታወቂያ እንኳ ፎቶ ተጨምሮበት በነጻ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ እስካሁን ያልተደፈረው የዕድሩ ጡሩምባ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሸናፊው ቁጥር እንምጣ፤ ነጋዴው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በፌስቡክ የማስታወቂያ ሪፖርት ላይ ቪዲዮ የሚለካበት አንዱ መንገድ 3 ሰከንድ መጫወቱ ነው። ሌላው «ትሩፕሌይ» ይባላል፤ ቢያንስ 15 ሰከንድ ወይም አጭር ከሆነ እስከ መጨረሻው የታየውን ይቆጥራል። ቲክቶክ ቪዲዮው መጫወት ሲጀምር ወዲያው ቪው ብሎ ይይዘዋል። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ለነጋዴው ፖስቱን በክፍያ የሚያሰራጭለት «ቡስት» አድራጊ ስክሪንሾት አንስቶ የሚልከው ግን ሁልጊዜ ትልቁን ነው። በ3 ሰከንድ ውስጥ የሱቁ ስም እንኳ ተነቦ አያልቅም። ደንበኛው መጠየቅ ያለበት ትሩፕሌዩን፣ ከዚያም የደወለውንና ሜሴጅ የላከውን ሰው ብዛት ነው።

የክፍያው መንገድ ራሱ ቀዳዳ አለው። ፌስቡክ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነና አብዛኛው ነጋዴ ይህ ካርድ ስለሌለው፣ በብር ተቀብሎ በዶላር የሚከፍል ሰው መካከል ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል፤ ያው የ30 ዶላር ቡስት በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ አቀባባይ አንዱን ዶላር በ200 ብር ቢያስብ 6,000 ብር 30 ዶላር ነው፤ ለ6 ቀን በቀን 5 ዶላር። ይህን ሂሳብ የሚያሳይ ደረሰኝ ከፌስቡክ ባለቤት ከሜታ በኢሜይል ይመጣል። አላሳይም የሚል ሰው ጋር አትሥሩ። 30 ዶላር ተከፍሎበት 18 ዶላር ብቻ የተቃጠለበት ቡስት የሚታወቀው በዚያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቦታው አለ። ብዙ ቡስት ከንቱ የሚቀረው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ስለሚለቀቅ ነው። ሲስተሙ የተሰጠውን ገንዘብ ርካሽ እይታ ወደሚያገኝበት ይዞት ይሄዳል፤ የጅማ ሶፋ ቦሌና መቀሌ ይታያል። ትክክለኛው ካርታው ላይ መደብሩን ፒን አድርጎ ዙሪያውን መወሰን ነው። ከ1.6 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። ለምግብ ቤት 3 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ለቤት ዕቃ አጋሮን የሚጨምር 45 ኪሎ ሜትር ቢሆን ያስኬዳል። የዘመቻው ግብም «ኢንጌጅመንት» ከተባለ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣል፤ «ጥሪ» ወይም «ሜሴጅ» ከተባለ ደዋይ ይፈልጋል። አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ ስልኩ ሌላ አገር ያለ የሚያስመስለው ቪፒኤን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ሰው ቪፒኤን ለመደ፤ ዛሬም ሳያጠፋው የሚኖር አለ። ስልኩ ኔዘርላንድ ያለ መስሎ የሚታይ የጅማው መንደራ ሰፈር ልጅ ጅማ ላይ የተወሰነ ማስታወቂያ ላይደርሰው ይችላል። በተቃራኒው ሳይከፈልበት የሚዞረው ፖስት ሪያድና ጂዳ ይገባና «ማሻአላህ» ይጎርፋል። ከዚያ ሆኖ ለእናቱ ሶፋ የሚገዛ ሰው አለ፤ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ማንን እንመን? ሱቁ ራሱ ይቁጠር። ሁለት ሲም ይበቃል፤ አንዱ ቁጥር በሬዲዮ ብቻ ይነገር፣ ሌላው በፔጁ ላይ ብቻ ይጻፍ። ባንኮኒው ላይ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይቀመጥ፦ ከሬዲዮ፣ ከፔጁ፣ ከሰው። ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ከየት ሰምተው መጡ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዋጋ ከተነገረ በኋላ የሚሰጠው መልስ ለቅናሽ የተበጀ ነው። እንበልና ሁለቱም ጋር 6,000 ብር ወጣ። ፔጁ 40 ደዋይ አምጥቶ 4 ገዢ ቢገኝ አንድ ገዢ 1,500 ብር ፈጀ፤ ሬዲዮው 12 ደዋይ አምጥቶ 5 ቢገዙ 1,200። ደዋይ የበዛበት የረታ ይመስላል፤ ኪሳራው የሚታየው ወጪው ለገዢው ብዛት ሲካፈል ነው። ይህ ቆጠራ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ የሬዲዮው ሲም ባትሪ ሲጨርስ፣ ሬዲዮ የሰማ አባት ለልጁ ነግሮ ልጁ «ከሰው» ሲል፣ ቆጠራው አንድ ሐሙስን ብቻ ሲይዝ። ቢያንስ አራት የገበያ ቀን ያስፈልገዋል።

ወቅቱም ከቁጥሩ ያላነሰ ነው። ጅማ ዙሪያ ብር የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲለቀም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር። ለገበሬው ቆርቆሮና አልጋ በነሐሴ ማስተዋወቅ ገንዘብ ማባከን ነው፣ በሬዲዮም በፌስቡክም። ገበሬው ሬዲዮ የሚከፍተው ማለዳ ከ12 እስከ 1 ተኩል ነው፤ ፔጁ የሚሞቀው ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ። ቋንቋውም እንደዚያው ነው፤ ረቡዕ ማለዳ ለነገው ገበያ የሚለቀቅ ስፖት በአፋን ኦሮሞ ካልሆነ ግማሽ ገበያውን ሜዳ ላይ ይጥላል።

ጣቢያዎቹስ? ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራ ተክሎ የሁለት ሰዓት ውይይት በፌስቡክ ላይቭ መልቀቅ ዲጂታል መሆን አይደለም። ከዚያ ውስጥ አንድ ደቂቃ ቆርጦ፣ ጽሑፍ አስገብቶ፣ በሁለቱም ቋንቋ መልቀቅ ይሻላል። የዩቲዩብ ገቢ ላይ የተጣለው ተስፋም ተጋኗል። ለማስታወቂያ ገቢ 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 ሰዓት እይታ ይጠይቃል፤ ከዚያ ከረጅም ቪዲዮ 55 በመቶ፣ ከሾርትስ 45 በመቶ ነው ድርሻው፣ እሱም ፕሮግራሙ በሚሠራበት አገር ላለ አካውንት። የአንድ ከተማ ጣቢያ በዚህ ደመወዝ አይከፍልም።

የሚከፍለው የአድማጭ ጥናት ነው። በዕጣ በትክክል የተመረጡ 400 ሰዎች የስህተት ወሰኑን ወደ 5 በመቶ ያወርዱታል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ለዚህ ጠያቂ አይቸግረውም። «ሬዲዮ ታዳምጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ለትህትና «አዎ» ይላል። «ትናንት ጠዋት ምን ሰማህ? ማን ነበር የሚናገረው?» ነው ጥያቄው። ከከተማው ውጭ ያለውን ቤት መዝለልም ጥናቱን ዋጋ ያሳጣዋል፣ ሬዲዮው ያለው እዚያ ነውና። ሌላው ጣቢያው ብቻ ሊይዘው የሚችለው የገበያ ዋጋ ነው። የእሸት ቡናና የጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ዋጋ ዛሬ በቴሌግራም ግሩፕ ይዞራል፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ አንዳንዴም ዋጋ ማውረድ የሚጠቅመው ሰው ራሱ ነው። ሦስት ገዢና ሦስት ሻጭ ጠይቆ በየማለዳው የሚነግር ጣቢያ ስፖንሰር አያጣም።

በዚህ ሁሉ መካከል ከገንዘቡ የከፋ ነገር አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ፔጆች ላይ ግን «ሰበር» ተብሎ የሚጀምረው ዜና ሦስተኛው መስመር ላይ የቤት ሽያጭ ይሆናል። ጣቢያዎችም ገቢ ሲያጥራቸው ይህን መኮረጅ ጀምረዋል፤ «ቃለ ምልልስ» የሚባለው ተከፍሎበት እንግዳው ጥያቄውን ራሱ ይዞ ይመጣል። በቤት ዕቃ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ከጅማ ዞን ወደ አረብ አገር የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ ከግል ድርጅቶች ወደ ውጭ ሠራተኛ መላክ የሚችለውም ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ «በአንድ ወር ቪዛ» የሚለውን ፈቃድህን አሳይ የሚለው የለም። ሬዲዮው ዴስክ ላይ ያለ ሰው ግን ፈቃዱን ኮፒ አድርጎ ፋይል ሳያስገባ እንዲህ ያለ ስፖት መቀበል የለበትም።

ሬዲዮና ፔጁን አንድ ላይ አድርጎ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል ባይ ነኝ፤ ውሉ ግን በጥንቃቄ ይጻፍ። የፔጁ አስተዳዳሪ ቢያንስ ሁለት ሰው ይሁን፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ይብራ፤ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ላይ የተንጠለጠለ ፔጅ ሠራተኛው ሲለቅ አብሮ ይሄዳል። ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ ኤፍኤም አልጠፋም ነበርና፣ ኔት ከተቋረጠ ለቀረው ለእያንዳንዱ የቡስት ቀን ሁለት የ30 ሰከንድ ስፖት እንደሚተካ አስቀድሞ ይግባ፤ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ሁለቱም ከጠዋቱ 1 ተኩል በፊት።