ሰማያዊ የሰው ደም የለም

ወንድሜ፣ «ኦክስጅን ያለቀበት ደም ሰማያዊ ነው፤ አየር ሲነካው ነው የሚቀላው» ያልከው ልክ አይደለም። መስቀል አደባባይ ድንኳን ውስጥ ደም ለግሰህ ታውቃለህ? መርፌው የሚገባው ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ውስጥ ነው። በዝግ ቱቦ ወርዶ ከረጢቱን የሚሞላው ደም፣ አየር ሳይነካው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ኦክስጅኑም ቢሆን መች አለቀ? አርፈህ ስትቀመጥ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም 75 በመቶ ገደማ ኦክስጅኑን እንደያዘ ነው። የእጅህ ሥር ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን ቆዳህን አልፎ ሲመለስ በሚፈጥረው ማሳሳት ነው። (እኔንም ደም መልስን በሰማያዊ የሚያሳየው የትምህርት ቤት ሥዕል ሸውዶኝ ነበር። ሰማያዊው ቀለም ለመለያ ነው።) ይህ ደም ወደ ሳንባ የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን) ብቻውን አይሸከመውም፤ አብዛኛው ባይካርቦኔት ወደሚባል ውህድ ተለውጦ በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ሟሙቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው።