ኪኒኑ ተሰጠ ማለት ተዋጠ ማለት አይደለም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ነፍሰ ጡሮች ለደም ማነስ የሚሰጣቸውን የአይረን (የብረት ማዕድን) ኪኒን የሚያቋርጡት "በግንዛቤ እጥረት" ነው ይላል። እኔ አልስማማም። እዚህ ኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ ጥቅሙን አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ያቅለሸልሻታል፣ ድርቀቱ መከራዋን አብልቷታል፣ ሰገራዋ ሲጠቁር ደግሞ ክው አለች። የተለመደ ነው ብሎ የነገራት የለም። ኪኒኑ ይኸው ቡፌው ላይ አቧራ ይጠጣል።

ቡናችንም አለበት። ኪኒኑን በቡና ወይም በሻይ ካወራረዱት ብረቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ነው። በብርቱካን ጭማቂ ቢሆን ይሻላል። "ጤፍ እየበላሁ ምን የደም ማነስ ይይዘኛል" የሚሉም አሉ። ጤፍ ብረት አለው፣ ግን ሰውነት ከእህል የሚወስደው ትንሽ ነው፣ እርግዝና ደግሞ ብዙ ይጠይቃል።

ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ከ11 ግራም ሲወርድ (በመካከለኞቹ የእርግዝና ወራት ከ10.5) ቀልድ የለም፤ ያለጊዜው መውለድ አለ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ አለ። ከወሊድ በኋላ ደም ከፈሰሳትማ፣ ቀድሞም ደም ያነሳት እናት ምን አቅም አላት? ከዚህ ዳር ሰፈር በሌሊት መኪና ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው። ኪኒኑ ያልተስማማት ዝም ብላ ከምትተወው ለሐኪሟ ትንገር፤ ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ በደም ስር የሚሰጥም አለ።