ልጆቼን አትቁጠሩብኝ

ያለፈው እሑድ ነው። ቡና እየቆላሁ ነበር። እንግዳ መጣች። የሩቅ ዘመድ ናት፤ ለለቅሶ ጅማ መጥታ «አንቺንማ ሳላይ አልመለስም» ብላ ነው። ደስ ብሎኝ ቄጠማ አስጎዘጎዝኩ። ልጆቹ ከጓሮ እየሮጡ ገብተው ሰላም አሏት። አራት ናቸው። ዓይኗ ካንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ከዚያ ቆሎዋን ቆንጠር እያደረገች፣ ስለ ጫጩት የምትጠይቅ ይመስል፣ «የወለድሻቸው የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

ትንሹ ፈንዲሻ ይዞላት እየመጣ ነበር። 7 ዓመቱ ነው። ባለበት ቆመ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንደሚያደርገው እጁን አወጣና «እኔ አይደለሁም» አላት።

ቡናው አረረ። እንግዳዬ «ውይ፣ ጎበዝ!» አለችው። ምኑ ነው ጉብዝናው?

ይኸው ስድስት ቀኔ፣ ከሆዴ አልወጣ ብሏል። እዚህ ላውጣውና ይቅለለኝ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሰቃ መንገድ ነው። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችን። ቡና፣ እንሰት፣ ሦስት አቮካዶ፣ አንድ የምትታለብ ላም፣ ከሸለምጥማጥ የተረፉ ዶሮዎች። ሁለቱን ልጆች ወለድኩ። ሁለቱ፣ እህትና ወንድም፣ ከ3 ዓመት በፊት በአደራ መጡልን። እናታቸው አርፋለች። አያታቸው አሉ፤ አቅም ግን የላቸውም። ጉዲፈቻ አይደለም፣ አደራ ነው። ነገ ከዘመድ አንዱ አቅም ካገኘ ሊወስዳቸው ይችላል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የምናወራው እኛው ነን። እንግዳ በቆሎ መሀል እንዲያስታውሰን አያስፈልገንም።

ትልቋን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ የሄድኩ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ፎርሙ ላይ «ዝምድና» የሚል ቦታ አለ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያትና «ሠራተኛሽ ናት?» አለኝ። «አንቺ» ያለኝን ልለፈው። ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች እኮ! 12 ዓመቷ ነው፣ ጆሮ አላት። «ልጄ ናት» አልኩት። «የአባት ስሟ ከባልሽ ስም ጋር አይሄድም» አለ። ማስረዳት ጀመርኩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ የልጅቷን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ሰማው። መጨረሻ ላይ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ሌላ»። ልጄ «ሌላ» ሆና ተመዘገበች።

ደግሞ ቡና ሲደርስ የሚመጣ አለ። ኅዳር ላይ አራቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቅማሉ። ያኔ ሰፈሩ ሹክ ሹክ ይላል፤ «ለጉልበት ነው ያመጣቻቸው»። እሺ፣ ለጉልበት ይሁን። ሒሳቡን እንሥራዋ። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ይፈጃል። ትንሹ ጠዋቱን ሙሉ ለቅሞ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገኘው ቢበዛ 2 ኪሎ ነው። ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠልም አለበት። ጣፋጩን ቀዩንማ ሲመጠው ነው የዋለው። ሲጨርስ ሦስት እንጀራ ይበላል። በዚህ ሒሳብ የተበዘበዝኩት እኔ ነኝ።

የወለድኩት ትልቁ ልጄ ደግሞ በቆሎ ሲደርስ ጦጣ ጠብቅ ሲባል ዛፍ ሥር ይተኛል። ጦጣዎቹ ናቸው እሱን የሚጠብቁት። እሱን ግን «ለጉልበት ወለደችው» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የሚያሳርረኝ ይህ ሁሉ ጅማ ላይ መሆኑ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ ሲጻፍ እንኳ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። በባህሉ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ፣ ልጅ ነው። በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ይወርሳል። የእኛ አደራ እዚያ ደረጃ ባይደርስም፣ ነገሩ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይችልም። 2010 ላይ ልጅ ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ሲከለከል ስንቱ «የራሳችንን ልጆች እኛው እናሳድግ» ሲል ነበር። ይኸው እያሳደግን ነው። ታዲያ ምነው?

«ጽድቅ ነው የሠራሽው» የሚሉኝም አሉ፣ ልጆቹ እየሰሙ። ደግ ሰዎች ናቸው። እነሱ ይብሳሉ። ልጅ የሰው መጽደቂያ መሆን ይወዳል እንዴ?

ማን የማን እንደሆነ ከሁላችን በላይ የሚያውቁት አያታቸው ናቸው። ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። አንድ ሸንኮራ አገዳ ይዘው ይመጡና አራት ቦታ ይቆርጡታል። አንዴ ረዘም ያለው ለእኔ ትልቁ ልጅ ደረሰውና የልጅ ልጃቸው አኮረፈች። «ተይው፣ ከጦጣ ጥበቃ ነው የመጣው፣ ደክሞታል» አሏት። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት።

ለነገሩ በእኛ አገር ልጅ መች ይቆጠር ነበር? እናቶቻችን «ስንት ናቸው?» ሲባሉ «የፈጣሪ ናቸው» ብለው ያልፉታል፣ ዓይን ፈርተው። አሁን መቁጠሩ አልበቃ ብሎ መለየት መጣ፣ እንደ እሸት ቡና ቀዩን ለብቻ።

እሑድ ቡና አለ፣ ኑ። ፈንዲሻ የሚያቀርበው ትንሹ ነው። ተቀበሉትና «ስምህ ማነው?» በሉት። ስሙን መናገር ይወዳል።