ስልኩን ያነሳነው ስላሰለቻችሁን ነው

የሆሊውዱ ተዋናይ ማት ዴመን እ.ኤ.አ. በጥር 2026 ከባልደረባው ከቤን አፍሌክ ጋር በጆ ሮጋን ፖድካስት ላይ ቀርቦ የተናገረው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ድሮ፣ አለ፣ አንድ የአክሽን ፊልም ሦስት ትልልቅ ትዕይንቶች ይኖሩታል፤ አንዱ መጀመሪያ፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ መጨረሻ ላይ። ብዙው ገንዘብ የሚፈሰውም ለመጨረሻው ነው። አሁን ግን ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አንድ ትልቅ ትዕይንት እንዲገባ፣ ታሪኩም በተዋናዮቹ ንግግር ሦስት አራት ጊዜ እንዲደጋገም ይፈልጋል። ለምን? ተመልካቹ ስልኩን እየነካካ ስለሚያይ።

እንግዲህ ጥፋተኛው እኛ ሆነን አረፍነው!

ይህን አሠራር የሚከላከሉ ሰዎች «ዘመኑ ተቀይሯል፤ የተመልካቹ ትዕግሥት አልቋል» ይላሉ። የትኛው ተመልካች? ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡና እዩ። ሰው ተጨናንቆ፣ ከፊሉም ቆሞ፣ ዜሮ ለዜሮ የሆነ ጨዋታ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ያ ሰው ስልክ የለውም? አለው። ኪሱ ውስጥ ነው። የሚወጣው ዳኛው ለእረፍት ሲያፏጭ ነው። ትዕግሥት ያለቀበት ሰው እንዲህ አይቀመጥም። ችግሩ ፊልሙ ውስጥ ሆኖ ሳለ ተመልካቹን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

በቅርቡ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ አዲስ ፊልም ከፍተን ነበር። ገና ሲጀምር መኪና ተገለበጠ፣ ሕንፃ ጋየ። ከዚያ ሁለቱ ሰላዮች ቁጭ ብለው ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ይነጋገሩ ጀመር፦ አለቃቸው ማን እንደሆነ፣ የተሰረቀው ዕቃ ምን እንደሚሠራ። ወንድሜ ተነስቶ ሻይ አፍልቶ መጣ። «አቁምልኝ» እንኳ አላለኝም። ሲመለስም ያመለጠው ነገር አልነበረም፤ ያንኑ እንደገና ሲያስረዱ ደረሰ። ስልኩን ያወጣው ያኔ ነው። እኔም አወጣሁ።

እኔ አክሽን ማየት የተማርኩት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ አግዳሚው የሚቆረቁር፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚሰማ አልነበረም፤ የሆንግ ኮንጉማ ጨርሶ ቻይንኛ ነው። ትርጉም የለ፣ ጽሑፍ የለ። ግን ፊልሙ አልቆ ስንወጣ፣ ሳንቲም አጥተው ደጅ ለቀሩት ልጆች ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንተርክላቸው ነበር። ማን ማንን እንደከዳ፣ አክተሩ ለምን እንደተናደደ፣ ሌባው ሽጉጡን የት እንደደበቀ። ማን ነገረን? ማንም። ዓይናችን ነው። እጅና እግር፣ በርና ደረጃ ታሪኩን ይናገሩ ነበር።

ዳይ ሃርድን (እ.ኤ.አ. 1988) ያየሁት እዚያ ነው። አውሮፕላን ላይ አንድ መንገደኛ ለአክተሩ ለጆን ማክሌን «ስትደርስ ጫማና ካልሲህን አውልቅና በባዶ እግርህ ምንጣፉ ላይ ሂድ፣ የእግር ጣቶችህን ጨብጥ» ይለዋል። ደርሶም ይሞክረዋል። በዚያው ቅጽበት ታጣቂዎቹ ሕንፃውን ይይዙታል፤ ሰውዬው በባዶ እግሩ ይቀራል። የመንገደኛው ቃል አንድም አልገባንም። ባዶ እግሩን ግን አይተናል። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሌቦቹ አለቃ መስታወቱን ተኩሰው እንዲሰብሩት ሲያዝ ቪዲዮ ቤቱ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ስብርባሪው ላይ ከመርገጡ በፊት የእኛ ውስጥ እግር ቀድሞ ቆሰለ። በኋላ መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ መስታወቱን ከእግሩ አንድ በአንድ ሲነቅል ጥርሳችንን ነክሰን ነው ያየነው። ዛሬ ቢሠራ ማክሌን በሬዲዮው ጫማ እንዳላደረገ አራት ጊዜ እንዲናገር ያስገድዱት ነበር፤ ያን ጊዜ ያ «ውይ» ይሞታል። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ምን ያስደነግጠዋል?

ይህ የኢንተርኔት ፊልሞች ጣጣ ብቻ ነው የሚለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለሲኒማ ቤት የተሠራው የመጨረሻው ሚሽን ኢምፖሲብል ሦስት ሰዓት ሊሞላ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ጎድሎት፣ የመጀመሪያው ክፍል በገለጻና ከድሮዎቹ ፊልሞች በተቆራረጡ ምስሎች ተሞልቷል። ቶም ክሩዝ አውሮፕላን ላይ ተንጠልጥሎ ነፍሱን ሲወራረድ እስክናይ ድረስ ስንት ንግግር ጠጣን! የምስል አቆራረጡ፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መዝለሉማ፣ ሌላ በሽታ ነው። ቴክን 3 ላይ ሊያም ኒሰን አንዲት አጥር ሲዘል ስድስት ሰከንድ ውስጥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ገደማ ተቆራርጧል። ሰውዬው ዘሎ ይሁን ወድቆ አይታይም። ፍጥነት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ 2,700 ያህል ቁርጥ አለው፤ ግን ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ዋናውን ነገር ሁልጊዜ የምስሉ መሀል ላይ ስላስቀመጠው ዓይን አይባዝንም። አርታኢዋ ማርጋሬት ሲክስልም ኦስካሯን ወስዳበታለች።

ገንዘብ አነሰን እንዳይሉ የኔትፍሊክሱ ዘ ኤሌክትሪክ ስቴት 320 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ተዘግቧል። ጆን ዊክ የመጀመሪያው ከ30 ሚሊዮን አልበለጠም ይባላል፤ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ቻድ ስታሄልስኪ ለአክተሩ ለኪያኑ ሪቭስ ተተክቶ ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ ሰው ነው። ሰው ሲመታ ምን እንደሚመስል በገዛ አጥንቱ ያውቀዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ያን የሰላዮች ፊልም ባየን ማግስት ለወንድሜ ፖሊስ ስቶሪን ከፈትኩለት፤ የእ.ኤ.አ. 1985ቱን። ጃኪ ቻን ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ከላይኛው ፎቅ ዘሎ መብራት የተጠመጠመበትን ምሰሶ ጨብጦ እስከ ታች ተንሸራተተ። እጁ የተቃጠለው ያኔ ነው። ያንን መንሸራተት ፊልሙ ከተለያየ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ያሳየዋል፤ አንድ ቃል ሳይናገር። መደጋገም ካማራችሁ እንዲህ ድገሙ። ወንድሜ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ፤ «መልሰው» አለኝ። አራተኛውን ያስደገመው እሱ ነው።