አገሬ ቀይ ዝርዝር ውስጥ ናት፤ ሻንጣዬ ግን ሞልቷል

ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን፣ መስከረም 2014 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝ «ቀይ ዝርዝር» ብላ ከለየቻቸው አገሮች የሚመለስ ነዋሪ በራሱ ወጪ ሆቴል ተዘግቶ ይቆያል። 2,285 ፓውንድ። ይህ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ አይደለም። ጥቅምት ላይ እህቴን ድሬ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን ስመለስ፣ ኪራይ የምከፍልበት ቤቴ ባዶውን ተቆልፎ ሳለ፣ መንግሥት በመረጠልኝ ሆቴል 10 ቀን ተዘግቼ ለመቀመጥ የምከፍለው ነው። ሆቴሉን አልመርጥም፤ ክፍሉን አልመርጥም፤ ምግቡም በር ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ተንኳኩቶ የሚኬድ ነው። ነፋስ ልቀበል ብል ጠባቂ አጅቦኝ እወርዳለሁ። እስረኛ ስንቅ ሲቀበል አይቻለሁ እንጂ የታሰረበትን ክፍል ኪራይ ሲከፍል አላየሁም።

ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቀይ ዝርዝር ውስጥ የገባችው መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር በዚህ በኮሮና ዘመን የጉዞ ደንብ የሚጸናው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሌባ እንኳ ሥራውን ጨርሶ በተኛበት። ከ10 ሰዓት በፊት ያረፈ መንገደኛ ታክሲ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ጥቂት ዘግይቶ ያረፈው በአውቶቡስ ተጭኖ ሆቴል ይወርዳል። ይህን ልዩነት ለቫይረሱ ማን እንደነገረው እንጃ።

የሆቴሉ ክፍያ የካቲት 8 ቀን 2013 ሲጀመር 1,750 ፓውንድ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 2,285 ገባ። አብሮ ለሚገባ ሁለተኛ ሰው 650 የነበረው 1,430 ሆነ። ባልና ሚስት ተያይዘው ወላጅ ጠይቀው ቢመለሱ 3,715 ፓውንድ ይቆጥራሉ ማለት ነው። መከተብም ከዚህ አያድንም። እኔ ሁለቱንም ዙር የተወጋሁት እዚሁ ለንደን፣ በራሳቸው ነርስ እጅ፣ በሚኮሩበት የአስትራዜኔካ ክትባት ነው። ከቀይ አገር ለመጣ ሰው ግን የተከተበና ያልተከተበ እኩል ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም የተወጋው አስትራዜኔካ ነበር፤ የእሱ ደግሞ ጭራሹኑ እንደ ክትባት አይቆጠርም። ከመስከረም 24 ጀምሮ ይሠራል ተብሎ በወጣው ደንብ፣ ክትባታቸው ተቀባይነት ባገኘ አገሮች ስም ዝርዝር ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። መድኃኒቱ አንድ፣ ክንዱም ያው የአንድ እናት ልጆች ክንድ፤ የሚለየው መርፌው የተወጋበት አገር ነው።

መስከረም 7 ቀን 2014፣ ዓርብ ዕለት፣ የእንግሊዙ የትራንስፖርት ሚኒስትር የዝርዝሩን መሻሻል በትዊተር አስታወቁ። ስልኬን ይዤ ከዝርዝሩ የወጡትን አገሮች አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ቱርክ፣ ፓኪስታን፣ ማልዲቭስ፣ ግብፅ፣ ስሪላንካ፣ ኦማን፣ ባንግላዴሽ፣ ኬንያ። አለቀ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ፣ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል ብዬ። ኬንያ ከመስከረም 12 ጀምሮ ነፃ ናት፤ ከእኛ ጋር በሞያሌ አንድ ከተማ የምትጋራው ኬንያ! ለምን እነሱ ወጡ፣ ለምን እኛ ቀረን ብሎ ለሚጠይቅ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መልስ አላገኘሁም። በየሦስት ሳምንቱ ይታያል ይባላል። የሰርግ ቀን ግን በየሦስት ሳምንቱ አይታይም። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀን ተቆርጧል፣ ድንኳን ተከራይቷል፣ ጠላው ሊጠነሰስ ነው።

ሐበሻ መላ አያጣምና ኬንያና ቱርክ ከወጡ ወዲህ ለንደን ያለነው ሁሉ የሒሳብ ሊቃውንት ሆነናል። ደንቡ የሚጠይቀው ባለፉት 10 ቀናት ቀይ አገር አለመርገጥን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኢስታንቡል ወርዶ፣ 10 ቀን ቡና እየጠጡ ባሕር እያዩ ቆይቶ፣ ከዚያ የለንደኑ አውሮፕላን ማረፊያ ሂትሮው በኩራት መግባት ይቻላል። ሕጋዊ ነው፤ ዋጋውም ከ2,285 በእጅጉ ያንሳል። በሕይወታቸው ሽርሽር ሄደው የማያውቁ ጓደኞቼ ሰሞኑን የኢስታንቡልን ሰፈሮች ከቦሌና ከካዛንቺስ አብልጠው ያውቃሉ። ችግሩ የእረፍት ፈቃዴ ለሰርጉ እንጂ ለቱርክ አለመድረሱ ነው። አለቃዬን ተጨማሪ ፈቃድ ጠይቄው ነበር፤ እንግሊዛዊ ነውና «እንዴት ያለ አስደሳች ሐሳብ ነው» አለኝ። እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህ እምቢታ መሆኑን ያውቃል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ጨዋነታቸው ነው። ለጉዞ ጥያቄ በተዘጋጀው የስልክ መስመር ደወልኩ። ረጅም ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይነካል። ጥቅምት ላይ ስመለስ ኢትዮጵያ ቀይ ትሆን እንደሆነ ጠየቅኳት። ከመጓዝዎ በፊት ድረ ገጹን ይመልከቱ አለችኝ። ተመልክቼው ነው የደወልኩት አልኳት። ከመመለስዎም በፊት ይመልከቱ አለችኝ። የሆቴሉን ገንዘብ አስቀድሜ ከፍዬ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ብትወጣስ? እሱንም ድረ ገጹ ላይ ያገኙታል። አንድም ቦታ ላይ አላውቅም አላለችም። አለማወቁን ሁሉ በሚያምር ወረቀት ጠቅልላ «የመንገደኛው ኃላፊነት» ብላ መልሳ ሰጠችኝ፤ መልካም ቀን ብላም ዘጋች።

ወደ አገር ቤት ስደውልስ? እዚያ ደግሞ የማያውቅ ሰው የለም። እናቴ ታውቃለች፤ ማርያም ትመልስሃለች፣ ዝም ብለህ ና። እህቴ ታውቃለች፤ ኬንያ ከወጣች እኛም እንወጣለን። አጎቴ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያውቃል፤ ቦሌ የሚሠራ ልጅ አለው። ቦሌ የሚሠራው ልጅ ሂትሮው ላይ ምን ሊያደርግልኝ እንደሚችል ባስረዳው ባስረዳው አልገባውም። «አንተ ብቻ ስሙን ያዝ» አለኝ። ኮሮና እኮ ጠፍቷል ይሉኛል፤ ጤና ሚኒስቴር በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ተያዘ እያለ በሚናገርበት ሰሞን። ጭምብልስ? አለ፤ አገጭ ላይ።

አገራችንም ለኮሮናው ደንብ አላት። ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር (የኮሮና ምርመራ) ውጤት መያዝ፣ ከገቡ በኋላም ቤት ውስጥ 7 ቀን ራስን ማግለል። ይህንን ለእህቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ለመሆኑ የት ነው የምገለለው? መኝታ ክፍሌ ውስጥ ከጅማ የመጡት አክስቶቼ አሉ። በምርመራ ንጹሕነቴ ተረጋግጦ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ የምገባው ግማሽ ሰፈር ትከሻ ለትከሻ ወደሚጨፍርበት ድንኳን ነው። ለሙሽሮቹ መልካሙን ሁሉ፤ ለወረቀቱ ግን አዘንኩለት።

ስለ ወረቀቱ ካነሳሁ ዘንዳ፣ እዚህ አገር ሰሞኑን በነፃ የሚሰጠው የኮሮና ምርመራ ለጉዞ አያገለግልም። የግል ኩባንያ መፈለግ ግድ ነው። በመንግሥት ዝርዝር ላይ 20 ፓውንድ ብሎ የተለጠፈው ገብተህ ስታየው ወይ አልቋል፣ ወይ ለእኔ ዓይነቱ አይደለም፣ ወይ ዋጋው መንገድ ላይ አድጓል። ነሐሴ ላይ መንግሥት ራሱ 82 ኩባንያዎችን ዋጋ በማሳሳት አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለው መርካቶ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ያው የእኛ ሰው» ብለን ራሳችንን ስንወቅስ ውለን እናድር ነበር።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጋቢት 2012፣ ወረርሽኙ እንደገባ፣ ኢትዮጵያ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ አዝዛ ነበር። ያን ጊዜ እኛ ውጭ ያለነው ምን ያላልነው ነበር? ዶላራችንን ሊለቅሙ ነው፤ ሕዝብን መዝረፍ ነው፤ ከዚህ አገር ምን ይጠበቃል! እንግሊዝ ዓመት ሊሞላው ሲል ያንኑ አደረገች። መንገደኛ ሲገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ ከቀይ አገር መምጣቱን ለደበቀ ደግሞ እስከ 10 ዓመት እስራት ጨመረችበት። ታዲያ ያን ጊዜ አብዝቶ የጮኸው ወዳጄ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምን አለ መሰላችሁ? «ሥርዓት ያለው አገር እኮ እንዲህ ነው።» 2,285 ፓውንድ ሲሆን ሥርዓት ነው። በብር ሲሆን ዘረፋ።

አልቀርም፤ እሄዳለሁ። እህት አንድ ናት። ዝርዝሩም ጥቅምት ላይ ምን እንደሚል የሚያውቅ ካለ ቦሌ የሚሠራው ልጅ ብቻ ነው።

መሄዴ ከተሰማ ወዲህ ግን ሌላ ፈተና ገብቻለሁ። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ለሰርጉ የገዛሁት አንዱን ሞልቷል። ሁለተኛው የሕዝብ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ የሕፃን ጫማ፣ ሽቶ፣ ያገለገለ ስልክ፣ ለአንድ ጎረምሳ የአርሰናል ማሊያ። ሰው ሁሉ «ትንሽ ዕቃ ናት» እያለ ያመጣል፤ ማንም እንዴት ልትመለስ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ትናንት ማታ በጣም የማከብራቸው አንዲት እናት መጡ። ፌስታላቸውን የእጅ ሚዛኑ ላይ ሳንጠለጥለው 4 ኪሎ አለ። እስቲ እሳቸው እንኳ ይዘኑልኝ ብዬ ስለ ቀዩ ዝርዝር፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ጠባቂው፣ ስለ ክፍያው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«አይ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያቅልልህ» አሉ። «ታዲያ ስትመለስ ትንሽ በርበሬ ትይዝልኛለህ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ስመለስ 10 ቀን ሆቴል ውስጥ ነው የምዘጋው።»

«ምን አለበት? በርበሬ በ10 ቀን አይበላሽም።»