የቁጥር አጥር ብቻውን ፈጠራ አይደለም

ስክሪን ላይ የሚለጠፍ ጸረ-ነጸብራቅ ሽፋን አሠራሩ ከታወቀ ቆይቷል። ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች የተቀላቀሉበት ፕላስቲክ ገጹ ይሻክራል፤ ሲሻክር ብርሃኑን ወደ ዓይናችን አንጸባርቆ ከመመለስ ይልቅ ይበትነዋል። ከልክ በላይ ከሻከረ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። እንዲህም ሆኖ የሻካራነቱን ወይም የድብዘዛውን መጠን "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ በቁጥር በማጠር ብቻ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚጠይቅ አይጠፋም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ የለበትም። በአሜሪካ ሕጉ ለዚህ በቂ መሣሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 አለር በተባለው የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ጠቅላላው ሁኔታ ከታወቀ በኋላ ተስማሚውን መጠን በተለመደ ሙከራ መፈለግ ፈጠራ እንዳልሆነ ተወስኗል። በ2003 በፒተርሰን ጉዳይ ደግሞ፣ የተጠየቀው መጠን ቀድሞ ከታወቀው ጋር ከተደራረበ፣ ያልተጠበቀ ውጤት መገኘቱን ማሳየት የአመልካቹ ፋንታ ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ ከተሠራ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። የጄኔራል ኤሌክትሪኳ ተመራማሪ ካትሪን ብሎጄት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነጸብራቅ አልባ መስታወት ስትሠራ፣ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ሩብ ያህል ውፍረት ያለው ስስ ሽፋን ነጸብራቅን እንደሚያጠፋ ፊዚክሱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፦ በተራ መስታወት ላይ ለሚደረግ ሽፋን የሚያስፈልገው የብርሃን ስብረት መጠን (ብርሃን ወደ ቁሱ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ቁጥር) 1.22 አካባቢ ሲሆን፣ ይህን ያህል ዝቅተኛ የሆነ ተራ ጠጣር ነገር አልነበረም። እሷ የሰባ አሲድ ንብርብሮችን ደራርባ ከፊሉን በማሟሟያ አጥባ አወጣችው፤ የቀረው በክፍተት የተሞላ ሽፋን ስብረቱ ወረደ። ፓተንት የሚገባው እንዲህ ያለውን እንቅፋት ለሰበረ ነው።

ዛሬም ድብዘዛን ሳይጨምር፣ ፒክሰላቸው በተጠጋጋ ስክሪኖች ላይ የሚታየውን ጥቃቅን ብልጭልጭታ ያስቀረ ሰው ካለ እደግፈዋለሁ። ግን ያሳየን! ናሙናዎቹ ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከአጥሩ ውጭም ይለኩ፤ በሁለት ናሙና ሰፊ ክልል መያዝም አይፈቀድለት።

ከሁሉ የሚከፋው አዲስ መለኪያ ፈጥሮ አሮጌ ሽፋንን መጠቅለል ነው። የቀድሞው አምራች ያንን ባሕርይ ለክቶ አልመዘገበም ማለት ምርቱ ባሕርዩ አልነበረውም ማለት አይደለም። የፓተንት ማመልከቻውን የሚያየው መርማሪ ሁለቱ ሽፋኖች በአሠራርና በቁስ አንድ መሆናቸውን ካሳየ፣ በ1977ቱ የቤስት ውሳኔ መሠረት ልዩነቱን በላቦራቶሪ ማስረዳት ያለበት አመልካቹ ነው። መርማሪዎች ይህን ሥልጣናቸውን ሳያመነቱ ይጠቀሙበት፤ አለዚያ ወጪው ያንኑ ሽፋን ለዓመታት ሲሸጥ በኖረው አነስተኛ አምራች ላይ ይወድቃል።