ማስተካከያ፦ የገና ቴምብሮቹ የአይስላንድ ናቸው

ባለፈው ሳምንት፣ ጅማ ላላችሁ ቴምብር ሰብሳቢ ወዳጆቼ፣ ማንኪያ ላሹና በር ደርጋሚው የሚባሉት የገና ተረት ወንድማማቾች ያሉባቸው ቴምብሮች የፊንላንድ ናቸው፣ ወንድማማቾቹም 9 ናቸው ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ቴምብሮቹ የአይስላንድ ናቸው። ራሳቸው ላይ በላቲን ፊደል «ኢስላንድ» ተብሎ ታትሟል። የፊንላንድ ቢሆኑ «ሱኦሚ»፣ ማለትም በአገሩ ቋንቋ ፊንላንድ፣ ይል ነበር። ቁጥሩን ያረጋገጥኩት ከአገሪቱ ሙዚየም ጽሑፍ ነው። ወንድማማቾቹ 13 ናቸው። እናታቸው ግሪላ የተራራ ጭራቅ ናት። ልጆቿ ከፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 እስከ 24 አንድ በአንድ ይወርዳሉ። የአገሩ ሕፃናት ጫማቸውን መስኮት ላይ ያደርጋሉ፤ ጨዋው ስጦታ፣ ያስቸገረው ድንች ያገኛል።

እኔን አምናችሁ አልበማችሁ ላይ በፊንላንድ ገጽ ያስገባችኋቸው፣ ወደ አይስላንድ አዙሯቸው። ከሥራቸው «ዘጠኙ ወንድማማቾች» ብላችሁ የጻፋችሁም «አሥራ ሦስቱ» በሉት።